ማስተሩ አልነበረም፦ የአሮጌ ላንድ ክሩዘር ፍሬን፣ ሱሉልታ ላይ

ቅዳሜ ጠዋት

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1986 የተሠራች ላንድ ክሩዘር ናት። ሞዴሏ ኤችጄ75 ይባላል። ረጅሟ፣ ከኋላ ሰውም ዕቃም የምትጭነዋ። ሞተሯ 2ኤች ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4 ሊትር ናፍጣ። ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ታምቡር ፍሬን ነው። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ የላትም። ስህተቷን በኮድ የሚናገር ኮምፒውተርም የላትም። እግር፣ እጅ፣ ዓይንና አፍንጫ ናቸው የሚመረምሯት።

የምንኖረው ሱሉልታ ነው። መኪናዋ ድርቆሽና መኖ ታመላልሳለች። ከተማ ስትገባ የእንጦጦን ጀርባ ተሻግራ በጎጃም መንገድ ወደ አዲሱ ገበያ ትወርዳለች። ቁልቁለቱ ላይ ከፊት ሲኖትራክ፣ ከኋላ ሲኖትራክ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ እግረኛ አለ። እዚያ ላይ በፍሬን መቀለድ አይቻልም።

ምንም ከመንካቴ በፊት ያለባትን ሁሉ ልጻፍ። ሥራ ከተጀመረ በኋላ ድሮ ምን ይሰማ እንደነበር ይረሳል።

የመጀመሪያው ርግጫ ፔዳሉን ከግማሽ በታች ይወስደዋል። ወዲያው ደግሜ ስረግጥ ከፍ ብሎ ይይዛል።

በድንገት ስረግጥ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ኮረት ላይ የፊት ጎማዎቿ ቶሎ ይቆለፋሉ። ግንባሯ ወደ መሬት ይደፋል። ኋላዋ የሚያግዝ አይመስልም።

ፔዳሉ ከያዘ በኋላ ደግሞ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል።

ጎረቤቴ በጎጃም መስመር ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ሲያይ መጣ። «ልጄ፣ ፔዳል ሲወርድ ማስተር ነው። ቀይረህ ተገላገል» አለኝ። ጋራዥ የምጠይቃቸውም፣ ስልክ የደወልኩላቸውም ይህንኑ ነው ያሉት። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ማስተሩ፣ ፔዳል ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር፣ ከላይ ነው፣ ይታያል፣ በጥቂት ዳዶ ይወርዳል። ሶማሌ ተራ ሄዶ መግዛትም ቀላል ነው። ግን ከላይ የጻፍኩትን ደግሜ ሳነበው አንድ በሽታ አይመስለኝም። የሚወርድ ፔዳልና የሚከብድ ፔዳል ከአንድ ቦታ አይመጡም። ወደ ቀኝ መሳብን ደግሞ ማስተር አያመጣውም፤ የፊቱን ግራና ቀኝ የሚመግበው ከአንድ ክፍሉ ነውና።

የትኛው ጎማ ምን እንደሚሠራ እስካውቅ ድረስ ምንም ዕቃ አልገዛም።

ቅዳሜ ከሰዓት

መኪናዋ ቆማ የሚሠሩትን ፈተናዎች ጨረስኩ። መሣሪያ አይጠይቁም፤ ማንም ግቢው ውስጥ ሊሠራቸው ይችላል።

አንደኛው የማስተሩ ፈተና ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩት። ከፍ ብሎ ሲጠነክር እግሬን ጫን አድርጌ ያዝኩት። የውስጥ ጎሚኒው፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ፣ ያለቀበት ማስተር ከሆነ ፔዳሉ ከእግር በታች ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ከውጭ ግን አንድም ጠብታ አይታይም። የኔው ፍንክች አላለም። በቀላል ጫናም ሞከርኩት፤ አንዳንድ ማስተር በከባድ ርግጫ ይይዝና በቀስታ ሲረግጡት ነው የሚያሳልፈው። አሁንም ቆመ። ከሰርቮው፣ በቫኩም እግርን ከሚያግዘው ዕቃ፣ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ በጣቴ ዳበስኩ። ደረቅ ነው።

ሁለተኛው የፔዳሉ ስሜት ነው። አየር የገባበት ፍሬን ላይኛው ርግጫ ላይም ይለሰልሳል፤ እግር ሥር ይተነፍሳል። የኔ ፔዳል ግን በሁለተኛው ርግጫ ላይ ድንጋይ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ይናገራል። ዘይቱ ውስጥ አየር የለም፤ ክፍተቱ ያለው በሸራው፣ ተጭኖ በሚያቆመው ክፍል፣ እና በሚዞረው ብረት መካከል ነው። የመጀመሪያው ርግጫ ያንን ክፍተት ሲሞላ ያልቃል። ሁለተኛው ሥራ ይጀምራል።

ክፍተት የሚፈጠረው ከሁለት ቦታ ነው። ወይ የፊት ኩሽኔታ ላልቶ ዲስኩ እየተወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ወይ የኋላ ሸራ ከታምቡሩ ርቋል። የፊቱን በክሪክ አንስቼ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅኩት። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። ስለዚህ ክፍተቱ ከኋላ ነው።

ሦስተኛው የሰርቮው ፈተና። ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉን ረግጬ ቫኩሙን ጨረስኩና፣ እግሬ እዚያው እያለ ሞተሩን አስነሳሁ። ፔዳሉ ትንሽ ወረደ። ጥሩ ነው፤ ሰርቮው ያግዛል ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ቆይቼ ረገጥኩ። የመጀመሪያው ጥልቅ፣ ቀጣዩ አጠር፣ ሌላውም አጠር። ይህም ጥሩ ነው፤ ቫኩም ይዞ ይቆያል። ታዲያ ፔዳሉ ለምን ይከብዳል? ነገ።

እሑድ

ስለ ቫኩም ረዘም አድርጌ ልጻፍ። እኛ ደጋ ላይ የምንነዳ ሰዎች ይህን ካላወቅን ደህና ዕቃ አውልቀን እንጥላለን።

የቤንዚን ሞተር ለሰርቮው የሚሆን ቫኩም ራሱ ይሰጣል። የናፍጣ ሞተር አይሰጥም። ስለዚህ 2ኤች ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመች ትንሽ የቫኩም ፓምፕ አለችው። ዲናሞው ሲዞር አብራ ትዞራለች፤ በሞተር ዘይት ነው የምትለሰልሰው። ከእሷ የሚነሳ የጎማ ቱቦ ወደ ሰርቮው ይሄዳል። መሃል ላይ አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ አለች።

ከጋራዥ የቫኩም ጌጅ ተውሼ መጣሁ። የሰጠኝ ልጅ፣ «ወንድሜ፣ ከ600 በታች ካነበበ ፓምፑ ሞቷል፣ ዲናሞውን በሙሉ ቀይረው» ብሎኛል። ሰካሁት። ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርጌ ስይዘው ወደ 500 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ላይ ቆመ። በልጁ ቁጥር ከሄድን ፓምፑ ሞቷል።

ግን ይህ 600 የሚሉት ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ቫኩም ማለት በውጭው አየርና በሰርቮው ውስጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው። የዓለም ምርጡ ፓምፕ እንኳ ከውጭው አየር በላይ መሳብ አይችልም። ባሕር ዳርቻ ላይ የአየሩ ግፊት 760 ነው። ሱሉልታ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ግፊቱ 550 አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚህ ግቢ ውስጥ 600 የሚያነብ ጌጅ ካለ የተበላሸው ጌጁ ነው። ከ550 ውስጥ 500 መሳብ ለዚህ ዕድሜ ፓምፕ ጤነኛ ሥራ ነው።

ይህ የፔዳሉን ክብደት በከፊል ያስረዳል። ሰርቮው የሚያግዘው በዚያ ልዩነት መጠን ነው። ልዩነቱ ከሩብ በላይ ሲቀንስ እገዛውም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ እግር ደግሞ ያን ይሞላል። ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ያው ፔዳል እዚያ ቀለል ሲልለት የተሻለው መኪናው አይደለም፤ አየሩ ወፍሯል።

ለማንኛውም ቱቦውን አወለቅኩት። ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ስጠመዝዘው ግን ጫፉ ላይ ስንጥቅጥቅ ብሏል። በዘይት የደነደነ ጎማ ነው። ቫልቯን በአፌ ነፋሁባት። ከሰርቮው ወደ ፓምፑ ታሳልፋለች፣ ወደ ኋላ እምቢ ትላለች። ትክክል ናት። የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጬ በአዲስ ማሰሪያ አሰርኩት። ጌጁ ላይ ጥቂት ጨመረ። ሙሉ ቱቦ ስገዛ እቀይረዋለሁ፤ ለቫኩም የተሠራ መሆን አለበት፣ ተራ የውኃ ጎማ ከገጠሙለት ይጨፈለቃል፣ መንገዱን ይዘጋል።

ዲናሞም ሰርቮም አልቀይርም።

ማክሰኞ

ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ የኋላውን ከፈትኩ። ፊት ጎማዎች ሥር ድንጋይ፣ ከኋላ አክስል ሥር ጠንካራ ማቆሚያ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም፤ የግቢያችን መሬት በክረምት ክሪክ ይውጣል።

የቀኙ ታምቡር ወጣ። ከደረቀ ጭቃ በቀር ደህና ነው። የግራው ግን እምቢ አለ። በመዶሻ መቀጥቀጥ አያስፈልግም፤ ታምቡሩ ፊት ላይ ለዚሁ የተበሱ ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ተራ በተራ እያጠበቁ ሲሄዱ ብሎኑ ራሱ ይገፋዋል።

ሲወጣ ውስጡ ጥቁርና እርጥብ ነው። ሸራው ዘይት ጠጥቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ሳያይ የፍሬን ሲሊንደር ይገዛል። ታምቡር ውስጥ ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ሊገባ ይችላል። ከሲሊንደሩ የፍሬን ዘይት፣ ከአክስሉ የዲፈረንሻል ዘይት። መለያው ቀላል ነው። የፍሬን ዘይት ከውኃ ጋር ይዋሐዳል፤ ጠብታ ውኃ ሲያርፍበት ይታጠባል። የዲፈረንሻል ዘይት ውኃውን አይቀበልም፤ ጠብታው ላዩ ላይ ተድቦልቡሎ ይቀራል። ሽታውም ሌላ ነው፤ ድኝ ድኝ ይላል። የኔው ውኃውን አልተቀበለም፣ አፍንጫዬም ዲፈረንሻል ነው አለ። የሲሊንደሩን የጎማ ቆብ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ደረቅ ነው።

ዘይቱ ለምን ወጣ? ጎሚኒው አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የአክስሉ መተንፈሻ ነው። ዲፈረንሻሉ መንገድ ላይ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ በዚያ ይወጣል። ከተዘጋ ዘይቱን ይዞ በጎሚኒው በኩል ይወጣል። ትኩሱ አክስል ድንገት ውኃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል፣ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ሱሉልታ በክረምት ሜዳው ሁሉ ውኃ ነው። መተንፈሻውን ፈትቼ አየሁት። በጭቃ ተደፍኗል። አጠብኩት፣ ነፋሁት፣ ተከፈተ። ቆይቼ በቱቦ አስረዝሜ ሻንሲው ላይ ከፍ አድርጌ አስረዋለሁ።

ጎሚኒውን ለመቀየር አክስሉን ማውጣት ግድ ነው። የዚህ መኪና ክብደት በአክስሉ ዘንግ ላይ አይደለም፣ በቤቱ ላይ ነው። ዳዶዎቹ ተፈትተው፣ ሾጣጣ ዋሸሮቹ በነሐስ መዶሻ ተነቅለው፣ ዘንጉ ተጎትቶ ይወጣል፤ ጎማውም ባለበት ይቆማል። ቀጥሎ የጎማው እምብርት ከነኩሽኔታው ይወርዳል። ውስጡ ያለው ግራሶ በዘይት ቀጥኖ ሾርባ ሆኗል። ኩሽኔታዎቹን አጥቤ አየኋቸው። ጭረት የለባቸውም። አዲስ ግራሶ ሞላሁና ጎሚኒዎቹን ቀየርኩ።

ዘይት የጠጣ ሸራ ላይ ቤንዚን አርከፍክፎ በእሳት የሚያቃጥል ሰው አለ። ሲቃጠል ላዩ ይደርቃል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል ግን ከውስጥ የቀረው ዘይት እንደገና ይወጣል። መጣል ነው ያለበት። የግራውን ብቻ መቀየርም አይሆንም፤ አዲስና አሮጌ ሸራ እኩል አይዙም። ሁለቱንም ጎን አስለጥፋለሁ። ታምቡሮቹንም ቶርኖ ቤት እልካለሁ። ተቆርጠው የሚደርሱበት ትልቁ ስፋት ራሱ ታምቡሩ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ካለፈ መላጨት ሳይሆን መቀየር ነው።

አንድ ነገር ለሚያነብ ሰው ላሳስብ። የታምቡሩን ብናኝ በኮምፕሬሰር አትንፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ የገባ አይወጣም። በውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ማክሰኞ ማታ፣ ያው ታምቡር

የፔዳሉን መውረድ ምክንያት አገኘሁት። ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም ደስ ያለኝ ይህ ነው።

ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ከታምቡሩ ይርቃል። ክፍተቱን የሚያጠብ ባለ ጥርስ አስተካካይ ውስጡ አለ። የዚህች መኪና አስተካካይ የሚዞረው ፍሬን ሲረገጥ አይደለም፤ የእጅ ፍሬን ሲሳብ ነው። ገመዱ ከታምቡሩ ጀርባ ያለችውን እንደ ክርን የምትታጠፍ ብረት ይስባል፣ ክርኗ ሸራውን ትከፍታለች፣ በዚያው አስተካካዩ አንድ ጥርስ ይሄዳል።

አሁን እኛ መኪና እንዴት እንደምናቆም አስቡት። ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ጎማ ሥር ድንጋይ መደገፍ ነው። ረዳቱ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል፣ ሲነሱም ያነሳል። የእጅ ፍሬኑን የሚስብ የለም። እንዳይስቡትም ምክንያት አላቸው፤ አይሠራም። የማይሠራው ደግሞ ስለማይሳብ ነው። የክርኗ መከላከያ ጎማ ተቀዶ ጭቃ ገብቷል፣ ዝጋለች፣ ደርቃለች። በግራም በቀኝም በእጄ አልነቃነቅ አለችኝ። አስተካካዩም ከዓመታት በፊት በቆመበት ጥርስ ላይ ቆሟል።

ሁለቱንም ክርኖች ፈታሁ። በሽቦ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አጸዳሁ፣ ዘንጎቹን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ግራሶ ቀብቼ መለስኩ። ነጭ ጋዙን ከፍሬን ሲሊንደሩ አራቅኩት። የፍሬን ጎሚኒ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ ወይም የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ በአልኮል ወይም በራሱ በፍሬን ዘይት ብቻ ነው የሚታጠበው። ማረፊያ ብሎኗንም አስተካከልኩ። ክርኗ ተዝናንታ መቀመጥ አለባት፤ ገመዱ ወጥሮ ከያዛት አስተካካዩ የሚዞርበት ቦታ አያገኝም።

የእህቴን ልጅ ጠርቼ የእጅ ፍሬኑን አስያዝኩት። «ሳብ። ልቀቅ። ሳብ።» ከታች ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። ቀጭ። ቀጭ።

ሐሙስ

ሸራዎቹ ተለጥፈው መጡ፣ ታምቡሮቹ ተልጠው መጡ። ገጠምኩ። በጀርባ ባለችው ቀዳዳ በካቻቪቴ አስተካካዩን ጎማው እስኪቆለፍ አዞርኩና ነጻ እስኪሽከረከር መለስኩት። ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ላይ ቆመ። ማስተሩ ያው የድሮው ነው።

ዘይት የጠጣው የግራ ኋላ ስለሆነ ወደ ቀኝ መሳቡም አብሮ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። ሰፈር ውስጥ ዞር ብዬ መጣሁ። ቀነሰ፣ አልጠፋም። ፊት የሚሸከመው የፍሬን ሥራ ከኋላው ይበልጣልና በኃይል የሚጎትተው ፊቱ ነው።

ጎማዎቹን ዳበስኩ። የግራ ፊት ከቀኙ በጣም ይሞቃል። መጀመሪያ ነገሩ ግራ ያጋባል። ወደ ቀኝ የሚስብ መኪና ቀኙ ጠንክሮ የያዘ ነው፤ ታዲያ የሚሞቀው ግራው ለምን ይሆናል?

መልሱ ያረጀ የጎማ ቱቦ ነው። ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አብጦ መንገዱን ያጠብባል። ስረግጥ ዘይቱ ወደ ግራ ካሊፐር፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ ወደሚጫነው ዕቃ፣ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በዚያች ቅጽበት ቀኙ ብቻውን ይይዝና መኪናዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ስለቅ ደግሞ ዘይቱ ለመመለስ ይዘገያል። ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ይሞቃል። ስለዚህ ዘግይቶ የሚይዘውና የሚግለው አንድ ጎማ ነው።

ለማረጋገጥ ፊቱን በክሪክ አነሳሁ። የእህቴ ልጅ ረገጠ፣ ለቀቀ። ቀኙን በእጄ አዞርኩት፤ ዞረ። ግራው እንደተያዘ ነው። ከማስተሩ ጋር የሚያገናኘውን ብረት ቱቦ ላላ አደረግኩ። አሁንም ተይዟል። ስለዚህ የዘጋው ማስተሩ አይደለም። ያንን አጥብቄ ካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ከፈትኩ። ጭርር ብሎ ወጣ፣ ጎማውም ወዲያው ነጻ ሆነ። የተዘጋው በሁለቱ መካከል ነው፤ እዚያ ያለው ደግሞ የጎማው ቱቦ ነው።

ሦስቱንም ቀየርኩ፤ የፊት ሁለቱን፣ ወደ ኋላ አክስል የሚወርደውንም። እኩል ያረጁ ናቸውና አንዱን ብቻ መቀየር ሌላውን መጠበቅ ነው። የብረት ቱቦው ዳዶ 10 ቁጥር ነው። በተራ ክፍት ቁልፍ ማዕዘኑ ይላጫል። ለቱቦ ዳዶ የተሠራው፣ ዙሪያውን የሚይዘው ቁልፍ ያስፈልጋል። ማታውኑ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍቼበት አድሯል።

ካሊፐሮቹ እያንዳንዳቸው አራት ፒስተን አላቸው። ሸራዎቹን አውጥቼ የውስጡንና የውጩን ውፍረት አስተያየሁ። አንድ ፒስተን ቢደርቅ ሸራው በአንድ ጫፍ ይበላል። የግራው ሸራ ከቀኙ ሳስቷል፣ ሲጋገር ስለኖረ የሚጠበቅ ነው፤ ግን እኩል ነው የተበላው። አራቱም ፒስተኖች ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ሸራውን በሁለቱም ጎን ቀየርኩ።

ቅዳሜ

የቀረው የፊት ቶሎ መቆለፍና የግንባር መደፋት ነው።

የኋላ አክስሉ ላይ አንድ ረጅም ዘንግ አለች፤ ወደ ሻንሲው ወጥታ ቫልቭ ታንቀሳቅሳለች። ሥራዋ ጭነት መለካት ነው። መኪናዋ ስትጫን ባሌስትራው ይወርዳል፣ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል። ባዶ ስትሆን ሻንሲው ይነሳል፣ ቫልቩ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ባዶ ኋላ ቶሎ ተቆልፎ እንዳያሽከረክራት። የፊቱ ፍሬን መስመር ከተበጠሰ ደግሞ ቅነሳውን ትቶ ለኋላው ሙሉ ግፊት ያሳልፋል። በጣም የታሰበበት ዕቃ ነው።

ችግሩ ከእኛ አጫጫን ጋር ነው። ከኔ በፊት የነበራት ሰው ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል አስገብቷል። እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ እኔም ላወጣው አልፈልግም፣ ድርቆሽና መኖ ይጫናልና። ግን መኪናዋ ከኋላ ከፍ ብላለች። ቫልቩ የሚያውቀው ርቀት ብቻ ነው። ጭነት ላይ እያለች «ባዶ ነኝ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። የኋላውን ግፊት ይቀንሳል፣ ፊት ሁሉን ይሸከማል፣ ኮረት ላይ ይቆለፋል።

አንዳንዱ ቫልቩን አውልቆ ቱቦውን ቀጥታ ያገናኘዋል። አልስማማም። ባዶ ሆና እርጥብ አስፋልት ላይ ድንገት ብትረግጣት ኋላዋ ይቆለፍና ትዞራለች። አክስሉ ላይ ያለውን የዘንጓን መያዣ ከፍ የሚያደርግ ቁራጭ ብረት አሠርቼ፣ ቫልቩ ተጨማሪው ቅጠል ከመግባቱ በፊት በነበረበት ቦታ እንዲቀመጥ አደረግኩ። ትክክለኛው አሠራር የፊትና የኋላ ግፊትን በጌጅ መለካት ነው፤ ያ ጌጅ ያለው ጋራዥ የሚያገኝ ሰው እንዲያ ያድርግ። እኔ ባዶ መኪና ይዤ ሰው በሌለበት ኮረት ላይ ቀስ በቀስ እየጨመርኩ ሞከርኩ። ፊቱ ኋላውን ቀድሞ መቆለፍ አለበት፤ ግን በጥቂቱ ነው መቅደም ያለበት። ኋላው ቀድሞ ከተቆለፈ ዘንጓ ትመለስ።

ከሰዓት አየር ማስወጣት። የድሮው ዘይት ቡና መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ በጠጣ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። የዶት 3 ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፣ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 በ230 ይጀምርና ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ያረጀ ዘይት ካሊፐሩ ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉም ወለል ይነካል። «ፍሬን በጥሶ» ከሚባሉት አደጋዎች መካከል ምንም ያልተበጠሰባቸው፣ የፈላባቸው አሉ። ዶት 4 ሞላሁ። ከዶት 3 ጋር ይስማማል።

ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሬ ወደሚቀርበው መጣሁ። የጭነት መለኪያው ቫልቭ የራሱ ማስወጫ ብሎን አለው፤ በመጨረሻ እሱን። ይህን የሚረሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ይረግጣል፣ አየሩ እዚያ ተቀምጦ ይስቃል። የእህቴ ልጅ ፔዳሉ ላይ ነው።

«ርገጥ።»

«ረገጥኩ።»

«ያዝ… አጠበቅኩ። ልቀቅ።»

«ጋሼ፣ አሁን ጠንክሯል።»

«ገና ነው። ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ አያለሁ። ርገጥ።»

ፔዳሉን እስከ ወለሉ እንዳያወርደው አስጠነቀቅኩት። ያረጀ ማስተር ውስጥ ፒስተኑ ሄዶ የማያውቅበት ቦታ ዝገትና ዝቃጭ አለ፤ ጎሚኒው እዚያ ሲደርስ ይቆረጣል። ፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አስቀመጥን። ደህናውን ማስተር በአየር ማስወጣት ብቻ የገደሉ ሰዎች አሉ።

እሑድ ማለዳ

መንገዱ ሳይጨናነቅ ወጣሁ። ጎረቤቴ አብሮኝ ገባ፤ «እኔ ሳላይ አላምንም» ብሎ። የእንጦጦን ጀርባ ተሻገርን፣ በሁለተኛ ማርሽ ወደ አዲሱ ገበያ ወረድን። ሞተሩ እንዲይዛት አደረግኩ፣ ፍሬኑን ለሚያስፈልግበት ብቻ ተውኩት። መሪውን ላላ አድርጌ ያዝኩና ረገጥኩ። ቀጥ ብላ ቆመች። ጎረቤቴ «አንዴ ድገም» አለ። ደገምኩ። ቀጥ አለች።

ታች ቆመን ጎማዎቹን ዳበስን። የፊት ሁለቱ እኩል ሞቀዋል። የኋላ ቀኝ ከግራው ትንሽ በልጧል። አስተካካዩ ጠብቆ ነው፤ ቤት ስደርስ በአንድ ጥርስ አላላሁት። የግራውን ጀርባ በነጭ ወረቀት ጠረግኩ። ወረቀቱ ላይ ዘይት የለም።

አዲሶቹ ሸራዎች ከታምቡሩ ጋር እስኪላመዱ ከባድ ጭነት አልጭንም። ከዚያ በኋላ ታምቡሮቹን ከፍቼ ጎሚኒውን አያለሁ። የቫኩም ቱቦው መቀየር አለበት፤ የመተንፈሻው ቱቦም ገና ሻንሲው ላይ አልታሰረም። ድንጋዩን መኪናው ውስጥ መልሼዋለሁ፣ ዳገት ላይ አስፈላጊ ነው። ግን ከእጅ ፍሬኑ በኋላ ነው የሚደገፈው፤ የእህቴን ልጅም እንዲሁ አስለምጄዋለሁ።